እህቴ ያላለችው

ሆሳዕና ያለው ቤታችን ጓዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ጋዜጣ የተለጠፈበት ነበር። አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ስለነበር አለቆቹ አንብበው የጣሉትን ሰብስቦ ያመጣል፤ እናቴ የዱቄት ሙጫ ታበስላለች፤ እኔ እለጥፋለሁ። ልጅ ነበርኩ፣ እቸኩላለሁ፣ ስለዚህ ግማሹን ገልብጬ ነው የለጠፍኩት። የጓዳ ግድግዳ ማን ያነባል ብዬ። አባቴ ሞተ፣ ጋዜጣው ወየበ፣ ታናሽ እህቴ እዚያ ጓዳ ውስጥ አደገች። እዚያ አደገች ስል ለአነጋገር ያህል አይደለም። በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ይቆለፍ ነበር።

እህቴ አትናገርም። ስሟን ሲጠሯት አትዞርም፣ ሰው ፊት አታይም። እኛ አገር ደግሞ ሰላምታ ቀላል ነገር አይደለም፤ ልጁ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና መሆኑ ሳይጠየቅ ወደ ቁም ነገር አይገባም። እሷ እጅ ሲዘረጋላት ትጮሃለች። እንግዳው ይቀየማል፣ እናቴ ታፍራለች። በልጅነቷ አንድ ቀን ጠፍታ መናኸሪያ ውስጥ ተገኘች፤ ሊነሳ ሞተሩን ያስነሳ አውቶቡስ ጎማ ሥር ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ተኮራምታ። ደላሎቹ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!» እያሉ በላይዋ ይጮሃሉ። እናቴ በማግሥቱ ጓጉንቸሩን ገዛች። ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ገበያ ስትሄድ ይቆለፋል፣ እንግዳ ሲመጣም ይቆለፋል። ልጅቷስ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ አንድ ነበር፤ «አዲሎ አክስቷ ጋ ሄዳለች»። አዲሎ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት፣ መኪና የማይቆምባት የለም። እንደ እህቴ አዲሎ የተመላለሰ ሹፌር ግን ያለ አይመስለኝም። እንግዳው ሁሉንም ያውቃል፣ እናቴም እንደሚያውቅ ታውቃለች፣ ዝም አይነቅዝም ተብሎ ይታለፋል። አንዳንዴ ከጓዳው የሚሰማው የግንባሯ ድምፅ፣ ግድግዳውን ስትመታው፣ ወሬውን ያቋርጠዋል። ያኔ እናቴ ጮክ ብላ መሳቅ ትጀምራለች። ያን ሳቋን እስከ ዛሬ አልወደውም።

ስለ እኔ ልናገር። ከሰኞ እስከ ዓርብ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን አስተርጓሚ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰባኪ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይናገርና ይቆማል፤ እኔ በግራው ቆሜ በሀዲይኛ እደግመዋለሁ። ጥሩ አስተርጓሚ ነኝ ይባላል። ጥሩ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ ሰባኪ «በያሆዴ ቅቤ ስትጠጡ ትውላላችሁ» ብሎ ጉባኤው ላይ ወረደበት። ያሆዴ በመስቀል ሰሞን የምናከብረው የኛ የዘመን መለወጫ ነው፤ ያለ ቅቤ ያሆዴ የለም። ይህን ቃል በቃል ብተረጉም ሰውዬው ምሳ የሚያበላው ያጣል። «በያሆዴ ቅቤ ስትበሉ ለሌለው አካፍሉ ይላል» አልኩ። ጉባኤው በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ሰባኪው ወቀሳው የገባን መስሎት ደስ አለው። ስንወጣ ሽማግሌዎቹ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ «አንተ ስትተረጉመው ከሰባኪው ይጣፍጣል» አሉኝ። ይህን እየሰማሁ ስንት ዓመት እንደኖርኩ አልቆጠርኩትም፤ ብቻ ለመድኩት።

ኢንተርኔት ወደ ከተማችን ሲገባ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ቤት ተከፈተ። አራት ኮምፒውተር፣ አንድ የስልክ መስመር። አንድ ገጽ ተከፍቶ እስኪያልቅ ሻይ ታዝዞ ይጠጣል። አንድ ቀን የእህቴን ነገር በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጻፍኩና ጠበቅሁ። ገጹ ከላይ ወደ ታች በዝግታ መጣ። ሰው ፊት የማያይ፣ ሲጠሩት የማይዞር፣ ድምፅ የሚያመው። ኦቲዝም ይላል። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ጎረቤት አጋንንት፣ ሐኪም የአእምሮ ዝግመት፣ እናቴ የእኔ ኃጢአት ሲሉት የኖሩት ነገር ስም ነበረው። ከጽሑፉ በታች መናገር የማትችል ሴት በመሣሪያ ስትጽፍ የሚያሳይ ፎቶ ነበር። ፎቶው እስከ ትከሻዋ ከወረደ በኋላ መብራት ጠፋ። እጆቿን ሳላይ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እናቴ ገበያ ስትውል፣ ቁልፉን ከእሷ ተቀብዬ እህቴን ይዤ እዚያ ቤት መሄድ ጀመርኩ። የፈተና ጥያቄ የምተይበው እዚያ ነው፤ ስተይብ ቃሉን ጮክ ብዬ የማንበብ ልማድ አለኝ። ደግ ስለሆንኩ አይደለም የወሰድኳት፤ ቤት ተቆልፋ ስትጮህ ጎረቤት ሮጦ የሚጠራው እኔን ስለሆነ ነው። ጆሮዋን በነጠላ ጠምጥማ አጠገቤ ትቀመጣለች። ዓይኗ ጣቶቼ ላይ ነው። የኮምፒውተሩ ሰሌዳ መብራት የሳባት መስሎኝ ነበር። ስንት ቅዳሜ እንዲህ እንዳለፈ እንጃ።

አንድ ቅዳሜ ሻይ ላዝዝ ተነስቼ ስመለስ ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች። በአንድ ጣት እየተየበች ነው። «የበቆሎ ምርት በእጥፍ እንደሚያድግ ተገለጸ» ይላል። አወቅሁት። ከአልጋዋ ራስጌ የለጠፍኩት፣ ዘቅዝቄ የለጠፍኩት ርዕስ ነው። በቀቀን የሰማውን እንደሚደግም ያየችውን ደገመች ብዬ ልስቅ ስል ሌላ መስመር ጀመረች። «በመናኸሪያው የሚሰማው ጩኸት ከአቅም በላይ መሆኑን ነዋሪዋ ገለጸች። አፋጣኝ መፍትሔ እንዲሰጥም ጠየቀች።»

ይህ ግድግዳው ላይ የለም። ግድግዳውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። በሩን ዘጋሁላትና ከፊቷ ቆሜ እንደ ሞኝ አለቀስኩ። እሷ አላየችኝም፤ በሩ በመዘጋቱ ጩኸቱ ስለቀነሰ ትከሻዋ ወረደ።

እህቴን አስከትዬ እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። እናቴ ከገበያ ገብታ እግሯን ትታጠባለች። «ጻፈች!» አልኳት። «ማን?» «ልጅሽ! በኮምፒውተር ጻፈች!» እናቴ ማንበብ አትችልም፤ አማርኛዋም የገበያ አማርኛ ነው፣ ስንት ነው እና ጨምር። ከእግር መታጠቢያው ውስጥ ተነስታ ቆመች። «ምን አለች?» አለችኝ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሃያ ዓመት የአንድ ቃል ድምፅ ስትጠብቅ ለኖረች እናት፣ ልጅሽ ስለ ደላሎች ጩኸት አፋጣኝ መፍትሔ ጠየቀች ትላላችሁ? አፌ ሥራውን ያውቀዋል። «እማዬ ብላ ጻፈች» አልኳት።

እናቴ እርጥብ እግሯን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ጎረቤት መጣ። እህቴ በሩ አጠገብ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ እንደጠመጠመች ቆማ ነበር። ሀዲይኛ ገብቷታል ወይስ አልገባትም ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔም አላሰብኩም።

በሚቀጥለው እሑድ ምስክርነት እንድሰጥ መድረክ ላይ ጠሩኝ። በኛ ዘንድ ምስክርነት ማለት እግዚአብሔር ያደረገልህን በጉባኤ ፊት መናገር ነው፤ አንዴ ከተናገርከው የአንተ አይደለም፣ የጉባኤው ነው። ያን ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ስለነበሩ በሀዲይኛ ተናግሬ ራሴው በአማርኛ ተረጎምኩት። አንድ ውሸት በሁለት ቋንቋ። እናቴ በፊተኛው ወንበር ታለቅሳለች። የመቶ ሰው አሜን ከላዬ ሲወርድ በሩ የተቆለፈብኝ ያኔ እንደነበረ አሁን ይገባኛል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ግን እያደር ከበደ።

አማርኛ የሚጽፍ ስልክ ገበያ ላይ ሲወጣ ገዛሁላት። ሲሙ በእኔ ስም ወጣ። መታወቂያ የላትም ነበር፤ ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ በቤተሰባችን ቅጽ ላይ ስሟ እንዳልተመዘገበ አየሁ። ሆነ ብሎ የተዋት የለም፤ ቅጹ ሲሞላ አዲሎ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን አዲስ ልማድ ያዘ። ማታ ራት ሲበላ እህቴ ትጽፋለች፣ ስልኩን ለእኔ ትዘረጋለች፣ እናቴ ትኩር ብላ «ምን አለች?» ትለኛለች። እኔ አነባለሁ፣ እተረጉማለሁ። እናቴም ልትነግራት የፈለገችውን ለእኔ ትነግረኛለች፤ «ብርድ እንዳይመታት ንገራት፣ ብዪ በላት»። እኔም ጭራሽ ወደ አማርኛ ቀይሬ እነግራታለሁ። በሀዲይኛ ተወልዳ በሀዲይኛ ያደገችን ልጅ! ሦስታችንም አንድ ክንድ በማትሞላ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ጉባኤ አስመሰልነው።

አማርኛዋ የግድግዳው አማርኛ ነበር፤ ሌላ አልተማረችም። «የበሩ ከውጭ መቆለፍ በነዋሪዋ ላይ ከፍተኛ ችግር መፍጠሩ ተገለጸ» ብላ ትጽፋለች። ይህን ለእናቴ እንዴት እላታለሁ? ልቧ ይሰበራል። ዛሬ ይለፍ፣ ነገ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ እላለሁ። «እግዚአብሔር የተዘጋውን ደጅ ከፈተልኝ ትላለች» እላታለሁ። እናቴ አሜን ትላለች። በሳምንቱ «ችግሩ እስካሁን አለመፈታቱን ነዋሪዋ በምሬት ተናገረች» ብላ ትጽፋለች። «ጸሎትሽ ደረሰልኝ ትላለች» እላለሁ። አንዴማ «እወድሻለሁ ትላለች» አልኩ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ያቺኑ ትጠብቃለች፤ ካላልኳት ቅር ይላታል። ስለዚህ እላታለሁ።

እህቴ ሁሉንም ትሰማለች። ጻፈች፣ ሰጠችኝ፣ ተቀመጠች፤ ሌላ ነገር ሆኖ ከአፌ ሲወጣ በጆሮዋ ሰማች። ተነስታ ግንባሯን ግድግዳው ላይ መምታት ትጀምራለች። «በሽታዋ ተነሳ፤ ሰይጣን ምስጋናዋን ቀንቶባት ነው» ትላለች እናቴ፤ እጇን ይዛ ወደ ጓዳ ታስገባታለች፤ ጓጉንቸሩ ቀጭ ይላል። በሽታው እኔ እንደሆንኩ በዚያ ቤት ሁለት ሰው ያውቅ ነበር፤ አንዷ አትናገርም፣ አንዱ ደፋር አይደለም። እንዴት እንደ ተናደድኩ ልነግራችሁ አልችልም። የተናደድኩት በእሷ ነበር። ለምን ለስለስ አድርጋ አትጽፍም? ለምን አንዴ እንኳ እማዬ ብላ አትገላግለኝም?

የሞባይል ዳታ ሲመጣ ትንሽ ተነፈስን። ካርድ ስሞላላት እህቴ ጓዳዋ ውስጥ ሆና ከውጭው ዓለም ጋር ትጻጻፋለች። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው የሚሰባሰቡበት አንድ ግሩፕ አግኝታ፣ በሌላ ከተማ ከምትኖር፣ እንደ እሷ ከማትናገር ሴት ጋር ተዋወቀች። ግንባሯን መምታት ቀነሰች። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ሆኖ ከውስጥ የሳቅ ድምፅ የሰማሁበት ቀን አለ። ከበሩ ውጭ ቆሜ ማን አሳቃት ብዬ ቀናሁ።

ቅናቴ አላስቀመጠኝም። አንድ ቀን ስልኩን ቻርጅ ላድርገው ብዬ ወስጄ አነበብኩት። ጓደኛዋ ስለ በሩ እናታችን ምን እንዳለች ጠይቃታለች። እህቴ እንዲህ ብላ መልሳለች፦ «የነዋሪዋ ወንድም አስተርጓሚ ነው። የምትለውን ትቶ የሚጣፍጠውን እንደሚናገር ታውቋል። እናት አሜን ብላለች።» ከሥሩ የጓደኛዋ መልስ አለ፦ «እዚያ ሰፈር ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው የለም?»

ነበረ። ጎረቤታችን፣ የጭነት መኪና ሹፌር ሚስት፣ ጨርቅ ነጋዴ፤ ሙስሊም ናት፣ እስከ ስምንተኛ ተምራለች፣ ከእናቴ ጋር በየቀኑ ይጠያየቃሉ። ሀዲይኛዋ ከእኔ ይበልጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረግሁትን ስጽፍ ያሳፍረኛል፦ የጎረቤታችን ድምፅ ከአጥሩ ሲሰማ ስልኩን ከእህቴ እጅ ወስጄ ኪሴ እከተዋለሁ። «ቻርጅ ላድርገው» እላለሁ። እሷ ባዶ እጇን እያየች ትቀራለች። እናቴ በሩን ትቆልፋለች፣ እኔ ስልኩን። በእናቴ የምፈርድበት ምን አፍ አለኝ?

በአንድ ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ይጠፋ ጀመር። አገሩ ተበጣብጦ ነበር፤ ዛሬ ተዘጋ፣ ነገ ተከፈተ፣ ከዚያ ጭራሽ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሳ ኔትወርክ ሲፈልግ ይታያል። እኔ ዜና ነው የቀረብኝ፤ እህቴ የቀረባት ግን ሰው ነው። በስልኩ ላይ የምትዞረውን ክብ እያየች ሰዓታት ትቀመጣለች። ለሦስት ቀን አልበላችም። ግድግዳውን ደግማ መምታት ጀመረች፤ በግንባሯ ቁመት ያለው ጋዜጣ ተልጦ ጭቃው ወጣ። የቀራት አንድ መንገድ ነበር፣ እሱም በእኔ አፍ ያልፋል።

ያሆዴ ደረሰ። ዳምቦያ የተዳረችው ሌላዋ አክስቴ ከነቤተሰቧ እኩለ ቀን ላይ ትደርሳለች ተባለ። ጠዋት እኔ ግቢው ውስጥ ለክትፎ ሥጋ እየከተፍኩ ነው፤ እጄ እስከ ክርኔ በስብ ተለውሷል። እናቴ ቁልፉን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ በእጇ ይዛለች፤ እንግዳ ሳይመጣ ልትቆልፍ ነው። ጎረቤታችን «እንኳን አደረሳችሁ!» እያለች በአጥሩ በር ገባች። ለእሷ ሥጋችን ስለማይሆን ቆጮና ቅቤ ለብቻ ይቀመጥላታል፤ እሱን ልትቀምስ ነው የመጣችው። ያኔ እህቴ ከቤት ወጣች። ስልኩን ይዛለች። እጄን አየሁት። በዚህ እጅ ስልክ ኪስ አይከተትም።

መጥታ የስልኩን ሰሌዳ ፊቴ ላይ ደቀነችው። እንዲህ ይላል፦ «ወንድም ለእናት ሲያስተላልፍ የቆየው መረጃ ከእውነት የራቀ መሆኑን ነዋሪዋ አስታወቀች። ይህ መግለጫ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት እንዲተረጎም ጠየቀች።»

«ምን አለች?» አለች እናቴ። ፊቷ ላይ በዓል አለ። ያቺን ቃል እየጠበቀች ነው።

ጎረቤታችን ሰሌዳውን አላየችውም፤ ገና ደጃፉ ላይ ጫማዋን እያወለቀች ነው። መዋሸት እችል ነበር። «እንኳን አደረሰሽ ትላለች» ማለት እችል ነበር፤ አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እህቴ የማንንም ፊት የማታይ ናት፤ ያን ቀን ግን አፌን ታይ ነበር። ዓይኖቼን ሳይሆን አፌን፣ ከንፈሬ ምን ዓይነት ቅርፅ እንደሚይዝ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። በሀዲይኛ ቃል በቃል ተረጎምኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ደረቅ ነገር ተርጉሜ አላውቅም።

እናቴ ሳቀች። «ምን ይላል ይሄ ሰውዬ! ልጄ እንዲህ አትልም። ልጄን አላውቃትም? በበዓል ቀን ምን ሆነሃል?» አለችኝ። እውነቱን ስነግራት አላመነችኝም። ያቺ በየማታው የምትወዳትን ልጅ የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ አሁን ያቺ ልጅ በሩ ላይ ቆማ እውነተኛዋን አላስገባ አለቻት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እውነት ነው፤ እጄ ላይ ያለው ስብ ሁሉ አይበቃም።

«አንቺ ነይ እስቲ አንብቢልኝ» አለች እናቴ ወደ ጎረቤታችን ዞራ።

ጎረቤታችን በባዶ እግሯ መጣች። ስልኩን ተቀበለች፣ ራቅ አድርጋ ይዛ አነበበች። እኔን ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በሀዲይኛ ተናገረችው። እኔ ያልኩት ነው፣ አንድ ቃል አልጎደለም።

እናቴ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ቆይታ ጠየቀችኝ፦

«እማዬ አላለችም?»

«አላለችም።»

«ጸሎትሽ ደረሰልኝስ?»

«አላለችም።»

«እወድሻለሁስ?»

«እማዬ…»

«ንገረኝ!»

«አላለችም» አልኩ።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። የምሞት መሰለኝ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ስትል ነበር?» አለችኝ ከነጠላው ሥር።

«በሩን» አልኳት። «ሁልጊዜ ስለ በሩ ነው የምትጽፈው።»

እናቴ እጇ ውስጥ ያለውን ቁልፍ አየችው። ከዚያም እስከዚያ ቀን ያላደረገችውን አደረገች። ወደ እህቴ ዞረች፤ ንገራት ሳትለኝ፣ በገዛ ቋንቋዋ፣ «በሩን ምን ላድርግልሽ?» አለቻት።

እህቴ መሬት መሬት እያየች ሰማች። ማስተርጎም አላስፈለገም። መጻፍ ጀመረች፤ በአንድ ጣት፣ ቀስ ብላ። ስትጨርስ በልማድ እጄን ዘረጋሁ። በአጠገቤ አልፋ ስልኩን ለጎረቤታችን ሰጠቻት።

ጎረቤታችን አንብባ ተረጎመችው፦ «እንግዶች ሲመጡ ነዋሪዋ ጓዳ መቆየትን እንደምትመርጥ ገለጸች። ሆኖም በሩ ከውስጥ እንዲቆለፍ፣ ቁልፉም በእጇ እንዲሆን ጠየቀች።»

ይህ ብቻ ነበር። ስንት ዓመት ከአፌ ያልወጣው ይህ ብቻ ነበር። ሰው ፊት አውጡኝ አላለችም፣ ዳምቦያ ውሰዱኝ አላለችም። ቁልፉን ነው የፈለገችው።

«መዶሻ አምጣ» አለችኝ እናቴ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እጄን ሳልታጠብ የጓጉንቸሩን ማንጠልጠያ ከውጭ ነቅዬ ከውስጥ በኩል መታሁት። ስብ ያዳልጠኛል፤ ሁለት ሚስማር አጣመምኩ። እህቴ በመዶሻው ድምፅ ጆሮዋን ደፍና ግቢው ውስጥ ጠበቀች። ስጨርስ ገባች። እናቴ ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረችላት፣ በጣቶቿ ሳትነካት፣ እሷ እንደምትወደው። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ ቀጭ አለ።

እንግዶቹ መጡ፤ ሰላምታው ረዘመ። አክስቴ ከብቱንና ልጁን ጠይቃ ስትጨርስ እንደተለመደው «ልጅቷስ? አዲሎ ናት?» አለች። እናቴ ክትፎውን እያቀረበች «ጓዳ ናት፤ ቆልፋለች» አለቻት። አክስቴ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ፣ እንድተረጉምላት ያህል። እኔ ቆጮውን አቀበልኳት።

ኢንተርኔቱ ከጊዜ በኋላ ተመለሰ። እናቴ አሁን ከልጇ ጋር ራሷ ታወራለች፤ መልሱን ጎረቤታችን እየመጣች ታነብላታለች። ሦስቱ ሲስቁ ከሳሎን ይሰማኛል። እሑድ እሑድ አሁንም በሰባኪው ግራ ቆሜ እተረጉማለሁ። ጣዕሙ ቀንሷል ይሉኛል ሽማግሌዎቹ፣ እውነታቸውን ነው።

የዚያ የያሆዴ ቀን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጓዳው በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። አንድ ቃል ልላት ፈልጌ ነበር፤ የራሴን፣ የሌላ ሰው ያልሆነውን። አንኳኳሁ። ጣቷ ስልኩን ሲነካ ይሰማኛል። ደግሜ አንኳኳሁ። በሩ አልተከፈተም።